የመሪ አሞርዛተር ብቻውን የማንቀይርበትን ምክንያት ለማስረዳት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት ደንበኞቻችን፣

ከዘንድሮው መስከረም ጀምሮ፣ መሪው ወይም ፊቱ ይንቀጠቀጣል ተብሎ የሚመጣን መኪና የፊት እግሩን ሳንፈትሽ የመሪ አሞርዛተር (ወደ መሪው የሚመጣውን ምት የሚያለዝበውን ዕቃ) ብቻ ቀይረን እንደማናስወጣ፣ ለፍተሻውም ለብቻው እንደምናስከፍል ማሳወቃችን ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ በስልክ፣ አንዳንዶቻችሁ በአካል መጥታችሁ ነግራችሁናል፤ ምንም ሳይናገሩ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰዱም አሉ። የጉብኝት ወቅት በሚጀምርበት ሰሞን መኪና ጋራዥ ማሳደር ምን ያህል እንደሚጎዳ ስለምንረዳ ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አልለወጥነውም፤ ያልለወጥንበትን ምክንያት በዝርዝር ማስረዳት ደግሞ ለእናንተ ያለብን ግዴታ ነው።

ከተባለው ሁሉ ልባችንን የነካው "ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ፍተሻ የሚል ሰበብ አምጥተው ገንዘብ ሊለቅሙ ነው" የሚለው ነው። ጋራዡ ከተከፈተ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ እኔም ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ደንበኛ ደውለው "ልጄ፣ አሞርዛተር ቀይርልኝ አልኩህ እንጂ መኪናዬን ፈትተህ ዘርግፈው አልኩህ እንዴ?" ሲሉኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን፣ እርሳቸውን የሚያህል ሰው በስልክ መከራከር ነውር ስለሆነብኝ ነው። ያን ዕለት ያልመለስኩትን መልስ ለእርሳቸውም ለሁላችሁም እዚህ እጽፈዋለሁ።

መሪ ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በሰዓት 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ እጅ ላይ የሚሰማ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የሚጠፋ ቀጭን ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጎማ ባላንስ፣ ከተጣመመ ቸርኬ ወይም ቸርኬው ውስጥ ከደረቀ ጭቃ ነው። ከዳናክል የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ ተጋግሮ የቀረውን የጨው ጭቃ ፍቀን አጥበን ብቻ ንዝረቱ ጠፍቶለት የሄደበት ጊዜ አለ፤ ለዚያ ገንዘብ አልተቀበልንም። ሌላኛው ግን የተለየ ነው። አንዱ የፊት ጎማ ጉድጓድ ወይም የድልድይ መገጣጠሚያ ሲመታ በድንገት ይነሳል፣ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል፣ መኪናውን በሙሉ ያናውጣል፣ ፍጥነቱ በደንብ እስኪወርድ ድረስም አይለቅም። ይህ መናወጥ የሚበረታው ከፊት ድፍን አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ ነው፤ በ70 እና በ80 ላንድክሩዘር፣ በ105፣ በድሮው ፓትሮል፣ በድሮው ዲፌንደር። ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ አክስልና ታይሮድ በሚባል አንድ የመሪ ዘንግ ስለተያያዙ አንዱ ሲመታ ሌላውን ይዞ ይወዛወዛል፣ በመካከል የላላ ነገር ካለም ውዝዋዜው በየዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። ፕራዶ፣ ሃይሉክስና ቪ8 የፊት እግራቸው ለየብቻው ስለሚሠራ የእነርሱ ፍተሻ በቦል ጆይንቱ (እንደ ኳስ በሚዞረው መገጣጠሚያ) እና አርም በሚባሉት ዘንጎች ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማረፊያዎች) ላይ ያተኮረ፣ አጠር ያለ ነው።

የመሪ አሞርዛተር የተሠራው ከድንጋይና ከጉድጓድ ወደ መሪው የሚመጣውን ምት ለማለዘብ ነው። የፊት እግሩ ጤነኛ የሆነ መኪና አሞርዛተሩ ተፈትቶለት እንኳ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ስለዚህ አዲስ አሞርዛተር ሲገጠም መናወጡ የሚጠፋው በሽታው ስለዳነ አይደለም። የላላው ነገር እዚያው ተቀምጦ በየኮሮኮንቹ እየሰፋ ይቆያል፤ አዲሱ አሞርዛተርም ያልተሠራለትን ሸክም ስለሚሸከም ቶሎ ዘይቱን ይተፋል። ያኔ መናወጡ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል፣ ደንበኛውም በዚህ መካከል መኪናዬ ተሠርቶልኛል ብሎ ቤተሰብ ወይም እንግዳ ጭኖ ሲሄድ ከርሟል። እኛን እንቅልፍ የነሳን ይህ ነው።

በ80ው ላንድክሩዘር ላይ በሽታውን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ፔርኖው ላይ ነው። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ በኩል ከላይና ከታች ኩሽኔታ አለ፤ መሪ ሲታጠፍ እግሩ የሚዞረው በእነዚህ ላይ ነው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ስለሆነ የኩሽኔታው ሮለሮች ምቱን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀበላሉ፣ የሚያርፉበትን የብረት ቀለበትም እዚያው ላይ ይሰረጉዱታል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘይት የሚያግደው የውስጥ ኦይል ሲል ሲያረጅ ደግሞ ዘይቱ ገብቶ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ ኩሽኔታውም ያለ ግራሶ ይቀራል። ይህንን ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። ቀለበቱን አውጥተን በናፍጣ አጥበን ስንጠርገው ግን፣ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብታሳልፉበት ጎን ለጎን የተደረደሩት የሮለር ጠባሳዎች ጥፍሩን አንድ በአንድ ይይዙታል። ከደንበኞቻችን መኪኖች የወጡትን እነዚህን ቀለበቶች ቢሮው በር ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀምጠናቸዋል፤ የተጠራጠረ ሁሉ መጥቶ በእጁ ይዳስሳቸው። አዲሶቹ ሲገጠሙ ጥብቀታቸው በስስ ስፔሰሮች ይስተካከላል፣ እግሩ ለመዞር የሚጠይቀው ጉልበትም በስፕሪንግ ሚዛን ተስቦ ይለካል፤ አምራቹ ያስቀመጠለት ልክ አለና። ይህ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም። መኪናችሁ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ምክንያትም ይኸው ነው እንጂ ልጆቹ ስለሰነፉ አይደለም።

ሌላው የምንፈትሸው ፓናር ባሩን ነው፤ አክስሉን በአግድም ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ማለታችን ነው። ጎሚኒው ሲበላ፣ ወይም ብሎኑ ላልቶ ቆይቶ ቀዳዳውን እንቁላል ሲያስመስለው፣ አክስሉ ከመኪናው ሥር ወደ ጎን መንቀሳቀስ ይጀምራል። ይህን ለማግኘት ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ሞተሩ ይነሳና አንዱ ልጅ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ በየመገጣጠሚያው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሲታይ ደህና የነበረው ታይሮድ ጭነት ሲያርፍበት ጣት ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ከፊት ባሌስትራ ባላቸው የድሮ 70ዎች ላይ ደግሞ የባሌስትራው ጎሚኒዎችና ማያያዣዎች አብረው ይታያሉ።

ሞላ አስቀይራችሁ መኪናችሁን ከፍ ያደረጋችሁ ደንበኞቻችን ይህን በተለይ እንድታነቡልን እንለምናለን። ሞላው ሲረዝም አክስሉ በመጠኑ ይዞራል፣ ፔርኖው ወደ ኋላ ያዘነበለበት ካስተር የሚባለው ማዕዘንም ይቀንሳል። ጎማ ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ማዕዘን ነው፤ ሲቀንስ መሪው ይቀላል፣ መኪናው መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፣ ለመናወጥም በሩ ይከፈታል። በእነዚህ መኪኖች ላይ አላይመንት ቤት የሚስተካከለው የጎማዎቹ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ካስተሩን ለመመለስ ለዚሁ የተሠራ ጎሚኒ ወይም አርም መቀየር ያስፈልጋል። ስለዚህ "አላይመንት አሠርቻለሁ" ስትሉን ያላመንናችሁ እንዳይመስላችሁ።

ውሳኔያችንን ያፈጠነው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ክረምት አንድ 80 ላንድክሩዘር ከመተሐራ ሜዳ ላይ ተጎትቶ ወደ እኛ መጣ። ሹፌሩ እንደነገረን መናወጡ ሲነሳ ደንግጦ ፍሬኑን በኃይል ረገጠ፣ መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። መኪናውን ስንፈትሸው ያበራ የነበረው የመሪ አሞርዛተሩ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቦታ ገና የተገጠመለት አዲስ አሞርዛተር። የፓናር ባሩ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ ውስጡ ይዋልል ነበር። የቀየረለትን መካኒክ አንወቅስም፣ የታዘዘውን ሠርቷል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ተቀብለን መሥራት አንችልም ያልነው ያን መኪና ካየን በኋላ ነው።

ስለ ዋጋውም በግልጽ እንነጋገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የፔርኖ ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲል፣ ግራሶው ሳይቀር በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ የቤት ኪራዩም የልጆቹ ደመወዝም አብሮ ወጥቷል፣ ደመወዙማ መውጣት ነበረበት። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ፍተሻውን በነፃ ስንሠራ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይቆምለት ነበር፤ ያንን የምንሸፍነው ከዕቃ ትርፋችን ነበር። አሁን የዕቃው ትርፍ ራሱን አልቻለም። ያለን ምርጫ ወይ ፍተሻውን መተው ወይ ዋጋ ማውጣት ነበር፣ እኛም ዋጋ አወጣን። ሥራውን እዚሁ ላሠራ ደንበኛ የፍተሻው ሂሳብ በሙሉ ከጠቅላላ ክፍያው ላይ ይቀነስለታል። ይህን ከመጀመሪያው ተናግረናል፤ ከቅሬታው ጫጫታ ጋር ሳይሰማ የቀረ ይመስለናል።

ከሶማሌ ተራ ዕቃ ገዝታችሁ ለምታመጡልን፣ አሁንም እንገጥምላችኋለን። የምንለምናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ይዛችሁ እንድትሄዱና ከእኛ አንድ ልጅ አብሯችሁ እንዲሄድ እንድትፈቅዱ ነው። በጃፓን ካርቶን ውስጥ የገባ የሌላ ቦታ ኩሽኔታ ተገጥሞ በአጭር ጊዜ ሲላላ ስሙ የሚጠፋው የገጠመው ጋራዥ ነው።

ይህን ሙያ የጀመርኩት በልጅነቴ፣ የተፈቱ ዕቃዎችን በናፍጣ በማጠብ ነው። ያሠለጠኑኝ ሰው የመኪናን ፊት ከፍተው ሲሠሩ ከጎናቸው የቆመ ሰው አያናግራቸውም ነበር፤ ሲጨርሱ ግን መኪናውን ራሳቸው ነድተው ሳይሞክሩ ለባለቤቱ ቁልፍ አይሰጡም። በ1992 ዓ.ም. የራሴን በር ስከፍት የያዝኩት የእጅ መፍቻና ይህን ልማድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አስጎብኚዎች ነበሩ፤ ከጂንካና ከቱርሚ አቧራ የተመለሱ መኪኖቻቸውን እዚህ ትተው በታክሲ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፣ ሂሳቡን እንኳ ሳይጠይቁ። ቱሪስት በጠፋባቸው በኮቪድና በጦርነቱ ዓመታት መኪኖቻቸው ሲቆሙ እኛም አብረን ቆመናል፤ ያኔ የተሠራ ሥራ ሂሳቡ እስከ ዛሬ ያልተከፈለን አለ፣ ጠይቀንም አናውቅም፣ አሁንም አንጠይቅም። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ዛሬ ገንዘብ ለቀማ ነው ስንባል ለምን እንዳመመን እንድትረዱልን ነው።

የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ያላችሁን መኪና ይዛችሁ መቆየት እንደሚኖርባችሁ እናንተም ታውቃላችሁ። ያረጀ ላንድክሩዘር ደግሞ ፊቱ በወጉ ከተሠራለት ገና ብዙ ያገለግላል፤ እኛም እናንተም ለረጅም ጊዜ አብረን ብንቆይ ደስታችን ነው።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር ለሹፌሮቻችሁ ንገሩልን። መናወጡ መንገድ ላይ ከተነሳ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ መሪውንም አይታገሉት፤ በሁለት እጅ አጥብቀው ይዘው እግራቸውን ከነዳጅ ላይ ያንሱና ፍጥነቱ በራሱ ሲወርድ ቀስ ብለው ዳር ይያዙ። ከዚያ የጎማውን ንፋስና የቸርኬውን ዳዶዎች ይዩ፣ ወደ እኛም ይደውሉ።

ፍተሻ የሚያስፈልገው መኪና ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ቢመጣልን ለቅዳሜ ጉዞ እናደርሰዋለን፤ የዓርብ ዕለት መኪና ግን ሊያድር ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉልን። በፍተሻው ጊዜ ባለቤቱ ወይም ሹፌሩ አብሮን ቢቆም እንመርጣለን፤ የላላውን በራሱ ጣት ይዳስሰው፣ ያልላላውንም አትቀይሩ ይበለን። ወደ ሌላ ቦታ የሄዳችሁ ደንበኞቻችንም ብትመለሱ ቂም የያዘ የለም፤ የመኪኖቻችሁ መዝገብ እንደነበረ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤትና ዋና መካኒክ