ስሜቴ በደረቀበት ዘመን ለተሸከማችሁኝ ሁሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜ ጋር በቁልቢ ገብርኤል በዓሉን አክብረን፣ እናታችን የተሳለችውን ስለት አስገብተን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ የተሳፈርንበት መኪና ከአዋሽ ወዲህ ተገለበጠ። ወንድሜ እዚያው ዐረፈ፤ እኔ ዳሌዬና ግራ እግሬ ተሰብሮ ተረፍሁ። ይህን የምስጋና መልእክት ለመጻፍ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀምጬአለሁ። የዘገየሁት ውለታችሁን ዘንግቼ ሳይሆን፣ ምስጋናውን ስጽፍ በውስጤ ምንም የምስጋና ስሜት ስላልነበረ ነው፤ ሳይሰማኝ «አመሰግናለሁ» ማለት እናንተን ማታለል መስሎ ይታየኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ለምን እንደማላስብ መናገር የምስጋናዬ ዋና ክፍል ስለ ሆነ አብሬ እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ መኪናቸውን አቁመው፣ ነጠላቸውን ቀደው እግሬን ያሰሩልኝን መንገደኞች፣ ለ11 ሳምንታት ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች፣ እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ የወንድሜን ቀብር፣ ሠልስትና አርባ ምንም ሳታጓድሉ ያከናወናችሁልንን ዕድርተኞች አመሰግናለሁ። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ብዙዎቻችሁ ያላወቃችሁትን፣ ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ዐውቃችሁ የሸፈናችሁልኝን ነገር ነው። የወንድሜን ዕረፍት የተረዳሁት አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና እስኪሠራልኝ ድረስ እንዳልሰማ ተማክራችሁ፣ አንድ ማለዳ የንስሐ አባቴና ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ወደ ክፍሌ ገባችሁ። እንዲህ ያለ ቃል ይዞ ወደ በሽተኛ ክፍል መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ ሳስበው ዛሬም ስለ እናንተ እሳቀቃለሁ። እናንተ ዕንባዬን ልትቀበሉ ተዘጋጅታችሁ ነበር፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው ካዳመጥሁ በኋላ «ቁርስ በልታችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዳችሁም ፊታችሁን አላጠቈራችሁብኝም። በዕድሜ የገፉት አባት «አልበላንም፤ አብረን እንበላለን» ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኅቴ ያመጣችውን ገንፎም አብረን በላን። ያ ገንፎ ምን ያህል ሸክም እንዳቀለለልኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ እንደምታስታውሱት እኔ በመዝሙር ክፍል ስቆም ዕንባዬ ቅርብ የነበረ ሰው ነኝ። ይህንንም እንደ ጸጋ ስቈጥረው ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያም አልፌ በዕንባዬ ሰውን እመዝንበት ነበር። ከቅዳሴ ስወጣ «ዛሬ ልቤን ነካው» ወይም «ዛሬ አልተሰማኝም» እያልሁ ቅዳሴውን እንደ ወጥ ጣዕም እቀምሰው፣ በሕማማት ዐይኑ ያልረጠበውን ምእመን ደግሞ በልቤ እታዘበው ነበር። ስለዚህ ከአደጋው በኋላ ስሜቴ ሲጠፋ አብሮ የጠፋው እምነቴ መሰለኝ። ኀዘን ቢመጣልኝ በደስታ በተቀበልሁት ነበር፤ እርሱም አልመጣም። በሥዕለ አድኅኖ ፊት ተቀምጬ ስጸልይ በባዶ ግድግዳ ፊት ከመቀመጥ አይለይብኝም ነበር። ልትጠይቁኝ የመጣችሁ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ስትሉኝ «አሜን» እል ነበር፤ አሜኑ ግን ከጥርሴ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም።

ይህን የተናዘዝሁላቸው የንስሐ አባቴ ናቸው። «አባ፣ እምነቴን ሳላጣ አልቀረሁም» ብላቸው፣ ስጸልይ ምን እንደሚሰማኝ አልጠየቁኝም። «ትጸልያለህን?» አሉኝ። «በአፌ ብቻ» ስላቸው «ልጄ፣ አፍህም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው» ብለው መለሱልኝ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጥቂት ወራት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ኋላ ወደ ብሕትውናው የተመለሰው ማር ይስሐቅ፣ ነፍሱ በጨለማ ተውጣ መጸለይ ላቃተው መነኩሴ፣ ራሱን በመጐናጸፊያው ሸፍኖ ይተኛ እንጂ ከበኣቱ፣ ከጸሎት ክፍሉ፣ አይውጣ ብሎ መምከሩንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ምክር ከመነኮሳት አባት እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ለእኔ በኣቴ አልጋዬ ነበረች፤ ከእርሷም ብወጣ የምሄድበት እግር አልነበረኝም።

ይሁን እንጂ አባ ስሜትን እንደ ከንቱ ነገር አላቃለሉብኝም። «ስሜት የሥጋ ነው፤ እምነት ካለህ ምን ቸገረህ?» ያሉኝ ሰዎች ስለ ነበሩ ይህን መጥቀስ ይገባኛል። አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ መጣ እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ ያለቀሰውን፣ በጌቴሴማኒም ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ማዘኗን ለደቀ መዛሙርቱ ያልደበቀውን ጌታ አስታውሰው፣ የልቤ ዝምታ ከብርታት ሳይሆን ከቍስል መምጣቱን፣ ቍስል ደግሞ ሐኪም እንደሚያሻው ነገሩኝ። ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ የላኩኝም እርሳቸው ናቸው። ባለሙያዋ ከከባድ አደጋ በኋላ ስሜት መደንዘዙ የታወቀ የሕመም ምልክት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ለዚህና ከዚያ በኋላ ስላደረጉልኝ ክትትል ሁሉ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናቸዋለሁ። መድኃኒት መጀመሬን እንደ እምነት ማነስ የቈጠሩብኝ ወገኖች ነበሩ፤ ከመውደዳቸው የመጣ መሆኑን ስለማውቅ አልቀየምኋቸውም። የአባ ምላሽ ግን አጭር ነበር፤ «ጠበሉንም ተጠመቅ፤ ኪኒኑንም ዋጥ።»

ለጐረቤታችን ለእማማ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉ ይረዝማል። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በየማለዳው ዳዊታቸውን ይዘው መጥተው ከራስጌዬ ይደግሙ ነበር። እንደሚታወቀው ዳዊት በቀናት ተከፍሎ ሲጸለይ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ተጀምሮ ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ይደርሳል። ስለዚህ በየሐሙሱ 87ኛው መዝሙር ይመጣል፤ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 88ኛው ነው። ከልቅሶ መዝሙራት ብዙዎቹ በጩኸት ጀምረው በምስጋና ይፈጽማሉ፤ ይህኛው ግን ነፍሱ መከራን የጠገበች፣ ከሙታን ጋር የተቈጠረ ሰው ሌሊትና ቀን ጮኾ፣ ወዳጅና ዘመዱ ከእርሱ መራቃቸውን ተናግሮ ያበቃል። መጽናኛ አይከተለውም። ሆኖም ዘማሪው የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለሌላ ለማንም አይደለም። በግእዝ ሲደገም ትርጕሙን እየተከታተልሁ፣ እኔ እንደ ኀጢአት የደበቅሁት ባዶነት በየሳምንቱ በቤቴ ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጸለይ ሰማሁት። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከጸሎቷ አላወጣችውም፤ መጨረሻውንም አላሳመረችለትም። አንድ ቀን «እማማ፣ ይህን የሚያሳዝነውን ለእኔ ብለው መርጠው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በመገረም አይተውኝ «ሐሙስ ስለ ሆነ ነዋ ልጄ!» አሉኝ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያልሁት ያን ጊዜ ነበር።

ዜማ ያስተማሩኝ መሪጌታም በየቅዳሜው እየመጡ ከልጅነቴ የተማርሁትን ያስከልሱኝ ነበር። እኔ ከያሬድ የዜማ ስልቶች አንዱ የሆነው አራራይ እንዲያራራኝ፣ ድሮ የሚሰማኝ ነገር እንዲመለስ እየጠበቅሁ በየመካከሉ ሳቋርጥ፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አድርገው «ድፋቱን ጠብቅ እንጂ ስሜትህን አትጠብቅ» ይሉኛል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፤ ስምንቱን የዜማ ምልክቶች አንድ በአንድ እየተከተልሁ ማዜም ቻልሁ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በምልክት ተጽፎ መቆየቱን ከዚህ በፊት እንደ ቅርስ ብቻ ነበር የማደንቀው፤ ለካ ልቡ ዝም ያለ ዘማሪም የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ይጠቅማል።

እኅቴን በአደባባይ ማመስገን እንደማትወድ አውቃለሁ። ኤልያስ ከክትክታው በታች ተኝቶ ሞቱን ሲለምን የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ሲተኛም ተወው፣ ተመልሶም አበላው። ይህን ያህል ከተናገርሁ ይበቃል፤ የቀረውን እርሷ ታውቀዋለች።

ሲመለስልኝ መጀመሪያ የመጣው ስሜት የጠበቅሁት ዓይነት አልነበረም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከመዝሙር ክፍል ወንድሞቼ አንዱ ሊጠይቀኝ መጥቶ «እግዚአብሔር ያተረፈህ ለዓላማ ነው» አለኝ። በቅን ልብ የተናገረው ቃል ነበር፤ በእኔ ውስጥ ግን «ወንድሜስ ዓላማ አልነበረውምን?» የሚል ቍጣ እንደ እሳት ተነሣ፤ ከክፍሌም አስወጣሁት። ቍጣው በእርሱም ላይ አልቀረ፤ ሌሊቱን ሁሉ እግዚአብሔርን ራሱን ስከስስ አደርሁ። በማግሥቱ ፈርቼ ለአባ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ኢዮብ እስከ መጨረሻው ከአምላኩ ጋር መሟገቱን፣ እግዚአብሔርም በስተመጨረሻ የተቈጣው በሙግተኛው ላይ ሳይሆን እርሱን ሊከላከሉ በተናገሩት ወዳጆቹ ላይ መሆኑን አስታወሱኝ። «ከዝምድና ውጪ ከሆነ ሰው ጋር ማን ይጣላል?» አሉኝ። አንተም ወንድሜ፣ ያን ዕለት ያዋረድሁህ፣ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ይዘህ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰህ የመጣኸው፣ የይቅርታ ልመናዬንና ምስጋናዬን በአንድነት ተቀበል። ከቍጣው በኋላ ኀዘኑ መጣ። ሲመጣም በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የወንድሜን ጃኬት ኪስ ስፈትሽ የቁልቢ ጕዟችንን የአውቶቡስ ቲኬት ባገኘሁ ጊዜ ነበር።

አሁን ድኛለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። አንዳንድ እሑድ ልቤ ይሞቃል፤ አንዳንድ እሑድ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለቱም ቀን ግን አስቀድሳለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ባለው በዚህ በበዓለ ሃምሳ ሰላምታ ስንለዋወጥ «እምይእዜሰ ኮነ ፍሥሐ ወሰላም» እንባባላለን። ከእንግዲህ ወዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው፤ «ደስ ብሎሃልን?» የሚል ጥያቄ የለበትም። ድሮ ሳላስተውለው ስመልሰው የነበረው ይህ ቃል አሁን ያሳርፈኛል፤ የተነሣው ክርስቶስ የተነሣው እኔ ሲሰማኝ ብቻ አይደለምና። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣራውን ነድለው ሲያወርዱት፣ ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ኀጢአቱን እንዳስተሰረየለት ተጽፏል። ሽባው በአልጋው ላይ ሳለ ምን እንደ ተሰማው ወንጌሉ አንዲት ቃል አይናገርም። እናንተ የአልጋዬን አራት ማዕዘን የያዛችሁ ናችሁ።

አንድ ምስጋና ግን ባለቤቱን ሳያገኝ ቀርቶብኛል። ባለፈው ስቅለት፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በክራንች ቤተ ክርስቲያን ደርሼ በምሥራቁ በኩል ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ከነግህ ጀምሮ ሲወድቅ ሲነሣ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋ ቀና አደርግ ነበር። ከጐኔ ሲሰግድ የዋለ፣ አይቼው የማላውቀው፣ ግንባሩ በአቧራና በላብ የተሸፈነ ጐልማሳ በስድስት ሰዓት ግድም ጐንበስ ብሎ «አይዞህ፤ የአንተንም እኔ እሰግደዋለሁ» አለኝ። ማታ በጥብጠባው ጊዜ ተራው ደርሶ ካህኑ በወይራው ጀርባውን እየቸበቸቡ የሚሰግደውን ሲነግሩት፣ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ «የወንድሜንም ይጨምሩልኝ» ሲል ሰማሁት። በሕዝቡ መካከል ጠፋብኝና ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነው። የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ አገናኙኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ
የሁላችሁም ባለዕዳ ወንድማችሁ