ደንገል ያልኩበት ምክንያት

ባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ሰበብ አላበዛም፤ መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ እፍረቱም ሲቆይ እንደ ዕዳ ከበደኝ። በመጨረሻው መልእክትሽ «አበባ ሁሉ አልቆ ነው የሠርግ ድርጅትሽን ደንገል ብለሽ በሣር ስም የጠራሽው?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። መልሱ ይኸው።

አበባማ መች ጠፋ! «አደይ» ብለው ኖሮ ከፀጉር ቤቱም ከዳቦ ቤቱም ጋር ስንቀላቀል እንኖር ነበር። «ደንገል» ግን የራሱን ጣጣ አመጣብኝ። ማስታወቂያውን የሠራልኝ ልጅ በትልልቅ ፊደል «ድንግል» ብሎ ጽፎት መጣ። ደንገል የሚባል ቃል የለም ብሎም ተከራከረኝ፤ እስቲ አስቢው፣ ጣና ዳር ተወልዶ! እስኪታረም ድረስ ሁለት እናቶች የማኅበሩ መዋጮ ስንት እንደሆነ ደውለው ጠየቁኝ።

ሣር ማለትሽንም አልቀበልም። ሠርግ ሲደገስ ወለሉ ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ የደንገል የቅርብ ዘመድ ነው። ደንገል ቁመቱ ሰውን በእጥፍ ይበልጣል፤ አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ ነጭና ቀላል። አንዱን ብቻውን ብትይዢው ወፍ ሲያርፍበት ይጎብጣል። ጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ የሆኑ አንድ አባት ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀምጬ አይቻለሁ። ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፤ ነዶ በነዶ ላይ እየደረቡ፣ በእግራቸው ረግጠው ገመዱን ይስባሉ። ያው ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ይመጣል። ከተራገፈ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ካልደረቀ ይከብዳልና። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ጥቂት ወር ነው። እርሳቸው አያዝኑለትም፤ ሌላ ያስራሉ።

የእኔም ሥራ ማሰር ነው። አንቺ ባለሽበት በአውስትራሊያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው ሰዎች ሙሽሮችን በሕግ እንደሚያጋቡ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ማንንም አላጋባም፤ እርሱ የቄሱ፣ የሽማግሌዎቹ ወይም የክብር መዝገቡ ሹም ድርሻ ነው። እኔ የምደርሰው ለቅልቅሉ ነው። የወንድ ወገን በአንድ በኩል፣ የሴት ወገን በሌላ በኩል ተቀምጦ ሁሉም ሳህኑን ብቻ ሲያይ፣ ያ ዝምታ የእኔ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በቀልድ ልሞላው ስሞክር ማይኩን ይዤ ስለፈልፍ አመሽ ነበር። ዛሬ ከሠርጉ በፊት በየቤቱ እየዞርኩ ቡና እጠጣለሁ፤ ሙሽራዋን ማን እንዳሳደጋት፣ ሙሽራውን ማን እንዳስተማረው እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር የእርሷ አጎትና የእርሱ አባት በአንድ ዘመን የሐይቁ ጀልባ ላይ ይሠሩ እንደነበር ደረስኩበት። መድረክ ላይ ሁለቱን ብቻ ጠራኋቸው። ከዚያ በኋላ እኔን የሰማኝ የለም፤ እስክስታው ደርቶ ነበር።

ደስ የማይለው ነገር፣ ደንገሉ ከዳርቻው እየሸሸ ነው። በአንድ በኩል እርሻው ይገፋዋል፣ በሌላ በኩል ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስሙ የገነነው እምቦጭ የሚሉት የውሃ አረም አለ። ልጆች ቃሉን ባያውቁት አይፈረድባቸውም መሰለኝ፤ ያን ማስታወቂያ ሠሪ ተቆጥቼው ነበር፣ አሁን ግን ይቅር ብዬዋለሁ።

እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስትመጪ ታንኳ ላይ አላስቀምጥሽም፤ ዋና እንደማትችዪ አልረሳሁም። ዳር ላይ ተቀምጠን ዓሣ እንበላለን፤ ከፋዩዋ እኔ ነኝ፣ የሁለት ዓመት ዕዳ አለብኝ።

ናፋቂሽ