ሁለተኛውን ገጽ ሳያነብ እንዳይፈርም

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ሲያትል እንዴት ይዞሻል? ስልክሽን ሳላነሳ፣ መልእክትሽን አንብቤ ሳልመልስ ዓመታት አለፉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን እንደጠፋሁ ዛሬ እነግርሻለሁ። ነገሩ ከታናሽ ወንድምሽ ጉዳይ ጋር ስለተገናኘ ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም።

በፋሲካ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልገዛ ገብቼ እናትሽን አገኘኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ እኮ!» ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ወዲያው የወንድምሽን ዜና ነገሩኝ። ሁለት ሎው ስኩሎች፣ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማለት ነው፣ ተቀብለውታል። አንደኛው በዓመት 30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ፣ ሌላኛው 20 ሺህ ሰጥተውታል። «ሠላሳውን ሊይዝ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ቅድመ ሁኔታ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የሠላሳው ቢ ማምጣት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከኤ ወርዶ አያውቅም» አሉኝ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ይቺኑ ቃል እኛም ቤት ብለናታል።

እኔ የገባሁት በ2017 ነው፣ በፈረንጅ። እኔም 30 ሺህ ነበር የተሰጠኝ። ሁኔታው ደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አማካይ ውጤቴ ከ3.0፣ ማለትም ከቢ፣ እንዳይወርድ። አነበብኩት፤ ግን ኮሌጅን አስቤ ነው ያነበብኩት። ሎው ስኩል ውስጥ ከርቭ የሚባል ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዓመት መምህር ያሻውን ያህል ኤ መስጠት አይችልም። የክፍሉ አማካይ ውጤት ትምህርት ቤቱ ከወሰነው ቁጥር ማለፍ የለበትም። የእኛ 2.9 ነበር። አስቢው እስቲ፣ አማካዩ 2.9 የሆነ ክፍል ውስጥ አንዱ 3.3 እንዲያገኝ ሌላው 2.5 መውረድ አለበት። እዚያ የተቀመጥነው ደግሞ ሁላችንም ኤ ለምደን የመጣን ነን። ፈተናው በየትምህርቱ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ነው። መምህሩ የሚያርመው ስም ሳያይ በመለያ ቁጥር ነው። ትጋትሽንም ሆነ እንቅልፍ ማጣትሽን የሚያይልሽ የለም።

ያመጣሁት 2.93 ነው።

ሰኔ ላይ ነበር። አባቴ ያኔ ዲሲ መሃል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ ምሳ ላደርስለት ሄጄ እዚያች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ቆሜያለሁ። ኢሜይሉ ሦስት መስመር ነበር። ስኮላርሺፕሽ ለሚቀጥለው ዓመት አይታደስም ይላል። አባቴ በመስኮቱ ቲኬት እየተቀበለ፣ ፊቱን ሳያዞር «ምን አሉሽ፣ የእኔ ጠበቃ?» አለኝ። «ምንም፣ ደህና ነው» አልኩት። የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቼ ሰጠሁትና ወጣሁ። አንቺ ደግሞ ያን ሰሞን «ነጻ ተማሪዋ» እያልሽ ትደውይልኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስልሽ? አንድ ቀን ሳላነሳ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ማንሳቱ ራሱ እያሳፈረኝ መጣ። ይኸው ነው እህቴ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የቀሩትን ሁለት ዓመታት ግራድ ፕላስ በሚባለው የመንግሥት ብድር ጨረስኩ። 60 ሺህ ዶላር ማለት ነው፤ ለሁለተኛው ዓመት ትምህርት የወሰድኩት ብድር ወለዱ 7.6 በመቶ ነበር። ዛሬ ጠበቃ ነኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ብድሩን ግን አሁንም እየከፈልኩ ነው።

ወንድምሽ የሚሰማው አንቺን ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል፣ የቦታ ማስያዣውን ዲፖዚት ሳይከፍል በፊት ይህን አድርሺለት።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ይክፈት። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የሰጠው ሎው ስኩል ሁሉ በደንብ ቁጥር 509 መሠረት አንድ ሠንጠረዥ የማውጣት ግዴታ አለበት። ባለ ቅድመ ሁኔታ ስኮላርሺፕ ይዘው ስንት ተማሪዎች እንደገቡ፣ ከእነሱም የስንቱ እንደተቀነሰ ወይም እንደተነጠቀ በየዓመቱ ተጽፎ ይገኛል። እኔ በገባሁበት ጊዜም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልፈለግኩትም። ቀጥሎ የመጀመሪያ ዓመት ከርቩ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ስኮላርሺፕ የተሰጣቸውን ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ያከማቹ እንደሆነም ይጠይቅ፤ እርስ በርስ መፎካከር ማለት ነውና።

ከዚያ ያለ ምንም ሁኔታ 20 ሺህ የሰጠውን ትምህርት ቤት እንደገና ይየው። በሦስት ዓመት 60 ሺህ ነው፣ የተረጋገጠ። የሠላሳው እርግጠኛ የሆነው የመጀመሪያው ዓመት 30 ሺህ ብቻ ነው። ቀሪው 60 ሺህ ተስፋ ነው።

ግን ሠላሳውንም ገና አይተወው። ይደራደር። እዚህ ላይ ነው የእኛ ቤት ልጆች የምንሸነፈው። ያኔ አባቴ «ሰጡሽ እኮ ልጄ፣ እንዴት ሌላ ይጠየቃል?» ብሎኝ ነበር። ይሉኝታ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ግን ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ይህን ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው። የገንዘብ እርዳታ ቢሮው እንዲህ ዓይነት ኢሜይል በየጸደዩ ይደርሰዋል።

ትምህርት ቤቱ ለምን እንደሚሰማው ይወቅ። ትምህርት ቤቶች የሚወዳደሩት ባስገቧቸው ተማሪዎች የኤልሳት (የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና) እና የጂፒኤ (የኮሌጅ አማካይ ውጤት) ቁጥርም ጭምር ነው። የእሱ ኤልሳት ከትምህርት ቤቱ መካከለኛ ቁጥር በላይ ከሆነ ይፈልጉታል፤ ያም ቁጥር እዚያው ደንብ 509 ያስወጣው ሪፖርት ላይ አለ። ኢሜይሉ አጭር ይሁን። አመስግኖ ይጀምር። የሌላውን ትምህርት ቤት ደብዳቤ አያይዞ፣ «እናንተ ጋ መማር እፈልጋለሁ፤ የ3.0 ሁኔታው ተነሥቶ በመደበኛ የማለፊያ ውጤት ብቻ ቢሆንልኝ» ይበል። የማለፊያ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ 2.0 አካባቢ ነው። እምቢ ካሉ ወደ 2.5 ዝቅ እንዲያደርጉት ይጠይቅ። ወይም ውጤቱ ቢወርድ አንድ ሴሚስተር ዕድል እንዲሰጡት፣ ካሻሻለም እንዲመልሱለት። ያልተሰጠውን ተሰጠኝ እንዳይል አደራ፤ ጠበቃ ሊሆን ነው። በስልክ እሺ ቢሉትም በጽሑፍ ሳይደርሰው አይመን።

ዘንድሮ ነገሩ ከእኔ ጊዜ የባሰ ነው። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ አያገኝም። ለሎው ስኩል የመንግሥት ብድር በዓመት ከ50 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ ዶላር አያልፍም። ዋሽንግተን ውስጥ የትምህርት ክፍያቸው ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ የሚበልጥ የግል ሎው ስኩሎች አሉ። ስኮላርሺፑ ቢነጠቅ ወደ ባንክ ነው የሚሄደው። ባንክ ደግሞ ዋስ ፈርም ይላል። ማን ሊፈርምለት እንደሚችል አንቺም ታውቂያለሽ፤ እናትሽ ናቸው። ለነገሩ የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆነ ባልቲሞር ያሉት ሁለት የመንግሥት ሎው ስኩሎች ለእሱ ከእነዚህ የግሎቹ በእጅጉ ይረክሳሉ። አመልክቶ ከሆነ እነሱንም አይርሳ።

ለእናትሽ እንጀራ ቤቱ ውስጥ ምንም አላልኳቸውም። ደስታቸውን ማቋረጥ አልሆነልኝም፤ እንጀራቸውን መኪናቸው ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። አንቺ ግን የሠላሳውን ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ንገሪው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ኢሜይሉን አብረን እንጽፈዋለን።

አንቺም ደውይልኝ። አነሳለሁ።

ያንቺው ጓደኛ