ኤስፔራንቶና የባቲ ገበያ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ኤስፔራንቶ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ የዓለም መግባቢያ ይሁን የሚለውን ሐሳብ አልጠላሁትም። ዛሜንሆፍ የተባለው የዓይን ሐኪም በ1887 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ሲያሳትመው ሰዋስዉ 16 ደንብ ብቻ ነበር። ጥሩ «ቦና» ነው፤ መጥፎ «ማልቦና»፤ አለቀ። ዳቦ «ፓኖ» ነው። ሲበላ ደግሞ «ፓኖን» ይሆናል። ልክ እንደኛ «ዳቦውን»! ብዙ ፈረንጆች የሚሳሳቱባት ይቺ «ን» ለእኛ ምንም አይደለችም። ቃላቱ ግን አብዛኞቹ ከአውሮፓ የተለቀሙ ናቸው።

ችግሩ ሌላ ነው። ሰኞ ዕለት ከኮምቦልቻ ባቲ ገበያ ወርጄ ነበር። አንድ የፍየል ነጋዴ ዋጋውን ለእኔ በአማርኛ ነገረኝ። ከጎኔ ለቆመው በኦሮምኛ ደገመው። ከዚያ ዞር ብሎ ከአንድ አፋር ጋር በአፋርኛ መከራከር ጀመረ። ሳይሰባብረው አልቀረም፣ ሰውዬው ይስቅበት ነበር። ፍየሏ ግን ተሸጠች። ይህን ሰው ማንም ተማር አላለውም፤ ብር ነው ያስተማረው።

ኤስፔራንቶ እንዲህ ያለ ገበያ የለውም። በ1920ዎቹ ጉዳዩ በመንግሥታት ማኅበር ሲነሳም ፈረንሳይ አጥብቃ ተቃወመች። የራሷ ቋንቋ ገበያ እንዳይቀዘቅዝባት ይመስለኛል።

ለማንኛውም ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር «ፓኖን» እያልን ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ