ልቃቂቱን ለሸማኔው ይስጡልኝ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ስልክ ላይ ድምፅዎን ስሰማ እንባዬ እየቀደመኝ የምፈልገውን ሳልናገር እዘጋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልዎት፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

የእማዬን አርባ እዚህ ቨርጂኒያም አወጣን። ሁዳዴ ስለገባ ሽሮና ምስር ነበር፤ እሷም ብትሆን የምትሠራው ይህንኑ ነው። ቄሱ ጸሎቱ መሀል ላይ በክርስትና ስሟ ሲጠሯት ደነገጥኩ። መሞቷን ያመንኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

መርዶውን የሰማሁ ቀን ያደረግኩትን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የማውቃቸው ሰዎች ደጁን ሞልተውታል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮህኩ። የጮህኩት ግን «አባባ!» ብዬ ነው። ስኳሩም ግፊቱም ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ እማዬ ትሞታለች ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። «እናትሽ ናት» ሲሉኝ እግሬ ከዳኝ።

አልዋሽዎትም፣ ተቀይሜዎት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በኢሞ ስደውል እማዬ «ኔትወርኩ አይረባም፣ በድምፅ ይሁን» ስትለኝ፣ እርስዎ ከኋላ ሆነው «መብራትም የለ» ይሉ ነበር። ወንድሜንም በስልክ ክፉ ተናገርኩት። በኋላ ነው እንዳስማለቻችሁ የነገረኝ። «ከሰማች ወረቀቷን ጥላ ትመጣለች፤ 6 ዓመት የጠበቀችው ሜዳ ላይ ይቀራል» ብላለች አሉ። እውነቷን ነው፣ እመጣ ነበር። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው አገሩ ከገባ መመለሻ እንደሌለው ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ጠንቅቃ ታውቅ ኖሯል። ታማም ስለ እኔ ነበር የምታስበው። «ደግ አደረጋችሁ» ማለት ግን ዛሬም አይሆንልኝም፤ እጇን መያዝ ነበረብኝ። ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ሰሞኑን አንድ ነገር ይመላለስብኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ የደብረ ብርሃን አመዳይ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ እማዬ ዩኒፎርሜን ማታ አጣጥፋ ጋቢዋ ውስጥ አቅፋው ትተኛ ነበር፤ ያስታውሳሉ? ሲነጋ ከጎኗ መዝዛ ታለብሰኛለች። ሙቀቱ የገላዋ ነው፤ ጭስ ጭስና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ትምህርት ቤት እስክደርስ አይበርደኝም። እናት ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። እሷ የራሷን ቀሚስ ከወለሉ ላይ ብርዱን እንደያዘ አንስታ ለብሳ እሳት ልታያይዝ ትወጣ እንደነበር ትዝ ያለኝ ግን አሁን፣ ከሞተች በኋላ ነው።

ያን ዩኒፎርም የገዛውም እንዝርቷ ነው። ማታ ማታ በኩራዝ፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ እያሾረች ትፈትላለች። ክሩ ሲበጠስ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ትቀጥለዋለች፤ ቅጥሉን እኔ ፈልጌ አላገኘውም ነበር። ፈትሉ ገበያ ወጥቶ ደብተር ይሆናል፣ ጫማ ይሆናል።

ወንድሜ ሙዳዩ ውስጥ ልቃቂት እንደተገኘ ነግሮኛል። እርስዎም «የእጇ ነው፣ ሰው ሲሄድ ለልጄ ይላክላት» ብለዋል አሉ። አባባ፣ አይላኩልኝ። ለሸማኔው ይስጡልኝና ለእርስዎ ጋቢ ይሠራበት። ካነሰ የጎደለው ከገበያ ይገዛ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይድረስ። አውቅዎታለሁ፣ «ለአዘቦት አይሆንም» ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳይቆልፉበት። ቀንም ይልበሱት፣ ሌሊትም ለብሰውት ይተኙ።

ሌላም አለኝ። ያ መሐላ የእሷ ነበር፤ ለእርስዎ አይሆንም። ስኳርዎን ሲለኩ ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ካመመዎትም አመመኝ ይበሉኝ። ምን ላደርግ እንደምችል አላውቅም፤ ግን ልወቀው። እሑድ ስደውል ካሜራው ይከፈት። መብራት ከሌለም ወንድሜ ሻማ ያብራና ፊትዎን ልየው።

ለሰማንያዋ የሚሆነውን ከፋሲካ በፊት እልካለሁ። የእማዬን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ጉልበትዎን እስማለሁ፣
ልጅዎ