«በሂደት ላይ ነው» ብላችሁ አትለፉን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ሐውልቱ አካባቢ ጋዜጣ ተከራይተን፣ ጠርዙ ላይ ተኮልኩለን እናነብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ስላለ ነው። ሳይወሰን ስለቆየ ጉዳይ ስትዘግቡ «በሂደት ላይ ይገኛል»፣ «የሚመለከተው አካል እየመከረበት ነው» ትሉና ታልፋላችሁ። ይሄ አይበቃም።

እንግሊዞች ያልለየለት ነገር ሲገጥማቸው «ጁሪው ገና አልተመለሰም» እንደማለት ያለ አባባል አላቸው። አዲስ መድኃኒትም ይሁን አዲስ አሠልጣኝ፣ ያዋጣል አያዋጣም ለማለት ጊዜው ገና ከሆነ ይችኑ ይላሉ። እኛ ጋ ጁሪ የሚባል ነገር የለም፤ መዝገቡን መርምሮ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ዳኛው ራሱ ነው። እነሱ ጋ ግን በከባድ ወንጀል ከተራው ሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ክርክሩን ሰምተው ሲያበቁ ተነስተው ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፣ በር ላይ ጠባቂ ይቆምላቸዋል። ውሳኔው ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ማን እጅ ላይ እንዳለ ግን ተከሳሹም፣ ቤተሰቡም፣ ጋዜጠኛውም ያውቃል።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የሚባሉ ሰዎች መንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስባችኋል ተብለው ተከሰሱ። ጁሪው ጥፋተኛ አንላቸውም አለ። ዳኞቹ ተቆጥተው በጁሪው አባላት ላይ ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ እሳት ዘጉባቸው፤ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ የገንዘብ ቅጣት ተጣለባቸውና ኤድዋርድ ቡሼል የሚባለው አንዱ የጁሪ አባል አልከፍልም ብሎ ታስሮ ተሟገተ። ጁሪ በሰጠው ውሳኔ ምክንያት አይቀጣም የሚለው ፍርድ የተገኘው በእሱ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ደግሞ 12ቱም ባይስማሙ፣ በቂ ጊዜ መክረው ዳኛው ከፈቀደላቸው የ10 ሰው ድምፅ ይበቃል። ጨርሶ መስማማት ካቃታቸውም ተመልሰው «አልተስማማንም» ይላሉ፣ ጁሪው ይበተናል፣ ጉዳዩም በአዲስ ጁሪ እንደገና ሊታይ ይችላል። አለመስማማታቸው ራሱ በአደባባይ ይነገራል። እኔን የሚያስቀናኝ ይሄ ነው።

እኛ ግቢ ኑና እዩ። ይፈርሳል ከተባለ ሰንብቷል፣ አይፈርስም ያለም አለ፣ ቁርጡን የሚነግረን ግን ጠፋ። ጣሪያው ያፈስሳል። ነገ ሊፈርስ ለሚችል ቤት ማን ቆርቆሮ ይገዛል? ስለዚህ ሸራ ጣል አድርገን ድንጋይ ጭነንበታል፤ ዝናቡ በረታ ሲል ሌሊት ተነስተን ባልዲ እናቀያይራለን። ጎረቤቴ ልጇን ለከርሞ የት እንደምታስመዘግብ አታውቅም፤ እዚሁ ከፍላ ብታስመዘግበውና ራቅ ወዳለ ቦታ ብንሄድ ብሯ መና ሊቀር ነው፣ ዝም ብትል ደግሞ ቦታ ይሞላባታል። በር ላይ ያለው ባለ ሱቅ ዕቃ ማስገባት ካቆመ ቆየ። ወደ ቢሮው ስንሄድ «ከላይ እየተጠበቀ ነው» ይሉናል። ከላይ ማን? እሱን የሚነግረን የለም። ይፍረስ ከተባለ እኮ እናውቀውና እንዘጋጃለን፣ ሰው ከባድ ነገር ይችላል። ያቃተን ማንን ጠይቀን መልስ እንደምናገኝ አለማወቃችን ነው።

እናንተ ስትፈልጉ በደንብ እንደምትጽፉ አውቃለሁ። የኮንዶሚኒየሙን ዕጣ አስታውሱ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዕጣው ወጥቶ ሲሰረዝ፣ ማን እንደሰረዘውና መረጃው ላይ ምን ችግር እንደተገኘ በየጋዜጣው ወጣ። በኅዳር 2015 እንደገና ዕጣ ሲወጣም ተዘገበ። ሰው በጣም ተናዶ ነበር፣ መናደድም ያንሰው ነበር፤ ቢሆንም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይሄን ነው። አንድ ጉዳይ አልተወሰነም ብላችሁ ስትጽፉ ፋይሉ የየትኛው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ጻፉልን፤ ስሙ ባይሆን እንኳ የሥራ መደቡ ይበቃል። ምን እየጠበቀ ነው? ጥናት ነው፣ በጀት ነው፣ ወይስ የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ? መቼ መልስ እሰጣለሁ ብሏል? ስልክ እንደማይነሳላችሁ፣ ቀጠሮ እየሰጡ እንደሚያመላልሷችሁ አላጣሁትም። እንደዚያ ከሆነም እሱኑ ጻፉት፤ ደውለን አላነሱም፣ በአካል ሄደን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን በሉ። ለእኛ እሱም ወሬ ነው።

ደግሞ ዘገባው አንዴ ከወጣ በኋላ አትርሱት። ኃላፊው በወሩ መጨረሻ እናሳውቃለን ብሎ ከሆነ፣ ወሩ ሲያልቅ ጋዜጠኛችሁ ተመልሶ ይጠይቅልን፣ ያገኘውንም ያጣውንም እዚያው ገጽ ላይ አውጡልን። ትንሽ ዓምድ ብትሆንም ግድ የለም። የእኛን ግቢ ጉዳይ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ጋዜጠኛ ደግሞ በራችን ክፍት ነው፣ የተጻፉልንን ደብዳቤዎች ሁሉ ከነማኅተማቸው አስቀምጠናል።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ