ጀግናው መሬት ሳይደርስ ስንት ያወራል? የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የፊዚክስ ክበብ ዘንድሮ የከረመው አክሽን ካርቱን ሲመረምር ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ከመጀመሪያው የምጽፈው ዓመቱን ሙሉ ስለተጠየቅኩበት ነው። በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚነሳው ነገር አንድ ነው፤ «ልጆቹ ቤት የሚያዩት አንሷቸው ትምህርት ቤትም ካርቱን?» ጥያቄው አይከፋም። መልሱ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ስለማያልቅ እዚሁ መጽሔታችን ላይ ልዘርዝረው።

ነገሩ የተነሳው ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ስለ ነጻ ውድቀት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። በሚከታተለው ካርቱን ላይ ጀግናው ከፎቅ ጫፍ ተገፍትሮ ቁልቁል እየወረደ ከጠላቱ ጋር ይነጋገራል፣ የልጅነት ዘመኑን ያስታውሳል፣ ሰይፉን ይመዛል፤ መሬት ግን ገና ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ፎቅ ስንት ሜትር ቢሆን ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና ማስላት ጀመርን።

በነጻ የሚወድቅ ነገር በመጀመሪያው 1 ሰከንድ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። 2 ሰከንድ ሲሞላ 20 ሜትር ይጠጋል። 3 ሰከንድ ላይ 44 ሜትር ደርሷል። ተማሪው ትዕይንቱን በሰዓት ለክቶ መጣ፤ ወሬው 20 ሰከንድ ይፈጃል። አየር ባይኖር ሰውየው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርድ ነበር። አየሩ ቢያዘገየው እንኳ 900 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በዓለም ረጅሙ ህንጻ፣ የዱባዩ ቡርጅ ካሊፋ፣ 828 ሜትር ነው። ጀግናው ከዚያ ጫፍ ቢወድቅ እንኳ ንግግሩን ሳይጨርስ መሬት ይደርሳል ማለት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ለመመዝገብ የመጣው ተማሪ ወንበር አልበቃውም።

ወዲያው አንድ ደንብ አወጣን። ትዕይንት ይዞ የሚመጣ አባል ሶስት ነገር መመለስ አለበት። የትኛው የፊዚክስ ህግ ተጣሰ? በምን ያህል? ሰዓሊውስ ለምን ጣሰው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካልኩሌተርና ትዕግስት ያለው ሁሉ ይወጣቸዋል። ልጆቹን እስኪመሽ ያከራከራቸው ሶስተኛው ነው።

የስብሰባዎቻችንን ዝርዝር አልጽፍም። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል፣ ኮሚቴ መርጠናል፣ በሚኒ ሚዲያ ዝግጅት አቅርበናል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

ከቀረቡት ትዕይንቶች ብዙ ያወያየን የአዳኙ ነገር ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት ከፎቅ ትወድቃለች። ጀግናው እየበረረ ይደርስና መሬት ልትነካ ስትል በክንዱ ይቀልባታል። ፈገግ ትላለች፣ ሙዚቃው ይለሰልሳል። ልጆቹ አሰሉት። 100 ሜትር የወደቀ ሰው፣ የአየሩን ነገር ከተውነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የጀግናው ክንድ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ካስቆማት የሚያርፍባት ጫና የራሷን ክብደት 100 እጥፍ ያህላል። እንደ ብረት የጠነከረ ክንድ ከአስፋልት ብዙም አይሻልም። ታዲያ እንዴት ያድናት? አንዱ ቡድን መላውን አገኘው። አብሯት ቁልቁል ይብረር፣ ፍጥነቱን ከእሷ ጋር ያስተካክል፣ ከዚያ በ20 ሜትር ውስጥ ቀስ እያለ ያቁማት። ጫናው ወደ 6 እጥፍ ይወርዳል። የመኪና ኤርባግም የሚያድነን በዚሁ ዘዴ ነው፤ የምንቆምበትን ጊዜና ርቀት ያረዝመዋል። ይህን የተረዳ ልጅ የመኪና ቀበቶውን ሳያስር አይሄድም ብዬ አምናለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ጀግናው በአንድ ቡጢ ጠላቱን ሶስት ግድግዳ አስጥሶ ያሻግረዋል፤ እሱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የኒውተን ሶስተኛ ህግ እንደሚለን ያው ጉልበት እሱንም ወደ ኋላ መግፋት ነበረበት። ጊዜም ይለጠጣል። ድራገን ቦል ዜድ በተባለው የጃፓን ካርቱን አንዲት ፕላኔት ልትፈነዳ 5 ደቂቃ ብቻ ቀራት ይባልና ፍልሚያው ብዙ ክፍሎችን ይዘልቃል። እዚህ ላይ ልጆቹ ለሰዓሊዎቹ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው 5 ደቂቃ ረጅም ሆኖ ነው የሚሰማው አሉ። እኔም ተቀበልኳቸው።

ግዙፉ ሮቦት ግን በአጭሩ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው የጃፓኑ ካርቱን ጋንዳም ላይ ያለው ዋናው ሮቦት ቁመቱ 18 ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 43.4 ቶን ነው ተብሎ ተቀምጧል። አንድ አባል ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እንፈትሸው» አለ። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ወሰደ። ሰውየውን በቁመት 10 እጥፍ ብናሳድገው በወርድም በውፍረትም 10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ክብደቱ 1000 እጥፍ፣ ማለትም 70 ቶን ይሆናል። የሰው አካል ደግሞ ክብደቱ እኩል ቦታ ከሚይዝ ውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ከብረት ተሰራ የተባለው ሮቦት ከስጋ ለባሹ ግዙፍ ሰው ይቀላል፤ ባህር ውስጥ ቢገባ ይንሳፈፋል። ልጁ እዚህ ሲደርስ ራሱ ጠመኔውን ይዞ ደንግጦ ቆመ። ከዚያ የግዙፉን ሰው እግር አሰላን። ክብደቱ 1000 እጥፍ ሲያድግ የአጥንቱ ወርድ ስፋት የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። እያንዳንዷ የአጥንት ቁራጭ ከበፊቱ 10 እጥፍ ትሸከማለች። ጋሊሊዮ ይህንን ነገር ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ነጻ ውድቀትንም የተነተነው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ክበባችን የካርቱን ሰዓሊዎችን ስህተት እየለቀመ የሚስቅ ክበብ አይደለም። ፊልም በ1 ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል፤ ሰዓሊው ብዙ ጊዜ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚጠቀምበት 12 ስዕል ይስላል። እያንዳንዱን ሲስል ዕቃው የት ደርሷል ብሎ መወሰን አለበት። ሁለት የዲዝኒ አንጋፋ ሰዓሊዎች፣ ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የሙያቸውን 12 መርሆዎች አሳትመዋል። የመጀመሪያው መርህ ስለ መጨፍለቅና መለጠጥ ነው። ኳስ መሬት ሲመታ ይጨፈለቃል፣ ሲነጥር ይለጠጣል። ግን በቁመት ያጣውን በጎን ማግኘት አለበት። ይዘቱ ከቀነሰ ተመልካቹ ኳሱ ሟሸሸ ብሎ ያስባል። አንዱን ህግ እንደፈለገ የሚያጣምም ሰዓሊ ሌላውን ህግ በጥብቅ ይጠብቃል። የዓመቱ ትልቁ ትምህርታችን እዚህ ጋ ነው፤ ቀጥሎ የምተርከው ቀንም ያሳየን ይህንኑ ነው።

ዋይሊ ካዮቲ የተባለውን የካርቱን ገጸ ባህሪ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 የካርቱን ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ለተመልካች ያቀረበው፣ ፈጣኗን ወፍ ሲያሳድድ ሁሌ የሚከስረው ነው። ገደሉን አልፎ አየር ላይ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ወደ ታች ያያል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ልጆቹ አየር ላይ መቆሙን ወዲያው ያዙት። ቀጥ ብሎ መውደቁን ግን ማንም አላነሳም። ያ ሁሉ ወደፊት ሲሮጥ የነበረ ፍጥነት የት ገባ?

ሜዳ ይዣቸው ወጣሁ። መሬት ላይ በጠመኔ ክብ አሰመርን። አንድ ልጅ ኳስ በወገቡ ከፍታ ይዞ ይሮጣል፤ ሳይወረውር፣ ዝም ብሎ በመልቀቅ ብቻ ኳሱን ክቡ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። ከመሮጡ በፊት እያንዳንዱ አባል የት ቢለቀው እንደሚሻል በወረቀት ጻፈ። አብዛኞቹ «ልክ ክቡ አናት ላይ ሲደርስ» ብለው ነበር የጻፉት። አይፈረድባቸውም። ማይክል ማክሎስኪ የተባለ አሜሪካዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ ተመሳሳይ ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጽፎበታል። ብዙዎቹ ኳሱ ከእጅ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይወድቃል ብለው አስበው ነበር።

ልጁ ሮጠ፣ ክቡ አናት ላይ ለቀቀ። ኳሱ ክቡን አልፎ ሄደ። ሌላ ልጅ ሞከረ፤ ያው። ሌላም። ከወገብ የተለቀቀ ኳስ መሬት ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ሯጩ በሰከንድ 4 ሜትር እየሄደ ከሆነ ግን በዚያች ቅጽበት ኳሱ 1.8 ሜትር ገደማ ወደፊት ይጓዛል። ልጆቹ እየተንጫጩ «ንፋስ ነው»፣ «ገፍቶት ነው» ይባባላሉ። ሁሌ ዳር ላይ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ብዙም ያልሰማሁት አንዲት አባል ግን ቀስ ብላ እንዲህ አለች፤ «ሰዓሊው የሳለው እኮ እኛ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነው።»

ዝም አልን። ሃያ ዓመት ቢያስተምሩ የማያገኙት አረፍተ ነገር ነው።

ይህች ልጅ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ስለምትስል ስንት ጊዜ ተቆጥተናታል። በሚቀጥለው ሐሙስ ያንኑ ደብተር ይዛ መጣች። ገጾቹ ጥግ ላይ ትንሽ ኳስ ስላበታለች፤ በአውራ ጣት ፈጠን አድርገው ሲለቁት ኳሱ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ላይ ኳሱ በየገጹ እኩል እኩል ይወርዳል። ሲታይ በገመድ የሚያወርዱት ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ግን ወደቀ፤ በቃ ክብደት ነበረው። በማስመሪያ ለካሁት። በገጽና በገጽ መካከል 1 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5፣ 7፣ 9፣ 11። ቁጥሮቹን ከየት አመጣሽ ስላት 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለች ስኩዌሮቹን ጽፋ አንዱን ከአንዱ እንደቀነሰች አሳየችኝ። ጋሊሊዮም በዚያ በ1638ቱ መጽሐፉ የጻፈው ይህንኑ የጎዶሎ ቁጥሮች ተራ ነው። ማንም አልነገራትም።

ሶስተኛ ስዕልም ነበራት። ኳሱ ከገደል ወጥቶ አየር ላይ ለጥቂት ገጾች ይንጠለጠላል፣ ከዚያ በጎዶሎ ቁጥሮቹ ይወርዳል። «መጀመሪያ አንጠለጠልኩት» አለችኝ፤ «ሲወድቅ ግን በትክክል ነው የሚወድቀው። ሁለቱንም ካበላሸሁት አያስቅም።» ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አመሸ። ጥበቃው በሩን ሊዘጋ መጥቶ እሱም ገልጦ አየው።

ያልተሳካም ነገር ነበር። ፊልም ማሳያ መስሏቸው የገቡ አባላት ስሌት ሲጀመር ጥለውን ሄደዋል። ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ትዕይንት በታሰበው መንገድ አልቀረበም፤ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጠለና በአንድ ላፕቶፕ ለማሳየት ተገደድን። ከኋላ የቆሙት ምንም አላዩም። ልጆቹ ለሳምንታት የለፉበት ነበርና አሳዝኖኛል። አምፖሉ እስካሁን አልተተካም።

ስለ መሳሪያም መናገር አለብኝ። ዓመቱን በሙሉ የሰራነው በጠመኔ፣ በማስመሪያና በልጆቹ የግል ስልክ ነው። ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ስለማይፈቀድ ለእያንዳንዱ ቀረጻ የፈቃድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሌሎች ክበቦች ማሊያና ኳስ ሲገዛላቸው ደስ ይለናል፤ ይገባቸዋል። ለእኛም ሳይንስ የሚለካበት መሳሪያ ይገባናል። የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ዛሬ ብዙ ስልኮች በ1 ሰከንድ 240 ፍሬም መቅረጽ ይችላሉ። ካርቱኑ በ24 ፍሬም የሚያሳየንን ነገር እኛ በ240 ቀርጸን ጎን ለጎን ማስተያየት እንፈልጋለን። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ቢሆንም ካሜራው ከሰራ ይበቃናል። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካለ በልጆቻችሁ በኩል ላኩልን። አስተዳደሩ ደግሞ የፕሮጀክተሩን አምፖል እንዲተካልንና ሐሙስ ከሰዓት የላብራቶሪው ቁልፍ በእጃችን እንዲሆን እንጠይቃለን።

ለሚቀጥለው ዓመት የመረጥነው ርዕስ የጠፈር ውጊያ ነው። ጠፈር ላይ ድምጽ የሚያስተላልፍ አየር የለም፤ መርከቦቹ ሲፈነዱ ግን ጆሮ ያደነቁራሉ። ያቺ ደብተር ላይ የምትስለው ልጅ የክበቡ ጸሐፊ ሆና ተመርጣለች። ምዝገባው ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ለመመዝገብ የምትመጡ አንድ ትዕይንት ከነሰከንዱ ለክታችሁ ኑ።